ሥራዬን አጣለሁ ብሎ የሚፈራ ሁሉ “ነጻ ደመወዝ” ይፈልጋል?

የአክስቴ ልጅ ዋሽንግተን አካባቢ መኪና ይነዳል። መጀመሪያ ታክሲ ነበረው። ኡበር መጣና የታክሲው ገበያ ሞተ፤ እሱም ኡበር ገባ። አሁን ደግሞ ሾፌር የሌለው መኪና እየመጣ ነው። ዌይሞ የተባለው ኩባንያ በ2026 ዋሽንግተን ውስጥ ሥራ እጀምራለሁ ብሎ ካሳወቀ ወዲህ የሾፌሮቹ ወሬ ሁሉ እሱ ሆኗል። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ የኢትዮጵያ ሲሆን እናገራለሁ።)

በቀደም ስደውልለት አየር ማረፊያ ወረፋ ላይ ነበር። ወረፋው ስልኩ ላይ ይታየዋል። “ከፊቴ ስልሳ ምናምን መኪና አለ፣ እንደልብህ አውራ” አለኝ። እኔም ጠየቅኩት። መንግሥት ለእያንዳንዱ ሰው፣ ሠራ አልሠራ፣ በየወሩ ገንዘብ ቢከፍል ምን ይመስልሃል?

“ይስጡኝ፣ አልጠላም” አለ። ትንሽ ቆየና፣ “ግን መኪናዬን ከሸጥኩ በኋላ ቢያቆሙትስ?”

አዲስ አበባ ያለችውን ጓደኛዬንም ጠየቅኳት። የባንክ ቴለር ናት። ድሮ ደመወዝ የሚወጣበት ሰሞን መስኮቷ ፊት ያለው ሰልፍ እስከ በሩ ይደርስ ነበር፤ ዛሬ ሰዉ ከስልኩ ነው የሚልከው። እሷም ፈርታለች። መልሷ ግን ቆጣ ያለ ነበር። “እኔ ይህን ያህል ዓመት ጡረታ ሲቆረጥብኝ ኖሬ፣ አንድ ቀን ካልሠራው ጋር እኩል ልቀበል ነው?”

ሁለቱም ሥራቸው ያሰጋቸዋል። አንዳቸውም ግን ዘለው “እሰይ” አላሉም። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራችንን ሊወስድ ነው በተባለ ቁጥር “መፍትሔው ለሁሉም ገንዘብ መክፈል ነው” የሚሉ ባለሀብቶችና ፖለቲከኞች ብዙ ናቸው። ሠራተኛው ራሱ ምን ይላል የሚለው ግን ብዙም አይነሳም። እሱን ነው እዚህ የማየው።

መጀመሪያ ነገሩ ምንድነው?

በአማርኛ “ሁለንተናዊ መሠረታዊ ገቢ” ይባላል። ስሙ ከበድ ይላል፤ ነገሩ ቀላል ነው። መንግሥት ለእያንዳንዱ ሰው በየጊዜው፣ አብዛኛውን ጊዜ በየወሩ፣ እኩል ጥሬ ገንዘብ ይከፍላል። ሀብታም ነህ ደሃ፣ ትሠራለህ አትሠራም፣ አይጠየቅም። ሠርተህ የምታገኘውም ያንተው ነው።

ከምናውቃቸው ነገሮች ጋር ብናስተያየው ይቀላል። እድርን እንውሰድ። እድር በየወሩ ታዋጣለህ፣ ችግር የደረሰብህ ቀን ይደርስልሃል። ካላዋጣህ የለህበትም። በብዙ አገር ያለው የሥራ አጥ መድን እንደዚያ ነው። ሠራተኛው ከደመወዙ፣ ወይም አሠሪው ስለእሱ ሲያዋጣ ይኖርና ሥራው ሲቆም ለተወሰነ ወራት ይከፈለዋል።

ሁለተኛው ዓይነት ከወረዳ የሚወጣው የነጻ ሕክምና ወረቀት ነው። እዚያ ድሃ መሆንህን ማስመስከር አለብህ። ትንሽ ገቢህ ከፍ ካለ ወረቀቱ ይቀራል።

መሠረታዊ ገቢ ከሁለቱም አይደለም። እንደ መንገድ መብራት ነው። መብራቱ ከሥር የሚያልፈውን ሰው ደሃ ነህ ወይ፣ አዋጥተሃል ወይ ብሎ አይጠይቅም። ለሁሉም ያበራል። የቴለሯ ጓደኛዬ ቁጣ የመጣው ከዚህ ነው። እሷ የምታስበው በእድር ሕግ ነው። የቀረበላት የመብራት ሕግ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። በአሜሪካ ከተሞች የሚሞከረው “500 ዶላር በወር” የሚባለው አብዛኛው ለሁሉም አይደለም። ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ሰዎች መካከል በዕጣ ለተመረጡ፣ ለተወሰነ ጊዜ የሚሰጥ ነው። ስሙም “ዋስትና ያለው ገቢ” ነው። ዜናው ሁለቱን ሲያምታታቸው በብዛት አያለሁ።

“ሥራ ያሰጋል” ሲባልስ ምን ማለት ነው?

አንድ ነገር ይመስላል፤ ቢያንስ ሦስት ነው።

አንደኛው የጓደኛዬ ዓይነት ነው። ቋሚ ደመወዝ፣ ጡረታ፣ የዓመት ፈቃድ አለ፤ ፍርሃቱ ይህ ሁሉ አንድ ቀን ይቆማል የሚል ነው። ሁለተኛው የአክስቴ ልጅ ዓይነት ነው። ማንም አያባርረውም፣ ምክንያቱም ማንም አልቀጠረውም። ሥራው ነገም አለ፤ የነገ ገቢው ግን አይታወቅም። ወረፋው ረዝሞ ውሎ በባዶ ሊመለስ ይችላል።

ሦስተኛው አረብ አገር ያለች እህታችን የምታውቀው ነው። “ካፋላ” በሚባለው ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የተሳሰረ ነው። ሥራው ሲቀር ደመወዙ ብቻ አይደለም የሚቀረው፤ አገሩ ላይ የመቀመጥ መብቷም አብሮ ይናጋል። እዚህ ላይ “ለሁሉም” የሚለው ቃል ራሱ ይጠየቃል። “ሁሉም” ማለት አብዛኛውን ጊዜ ዜጋ ወይም ሕጋዊ ነዋሪ ማለት ነው። ከሁሉ ይልቅ ሥራው የሚያሰጋው ሰው ከዝርዝሩ ውጭ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ የሚፈራው ይበልጥ አይደግፍም?

እንዲያ ይመስላል። ግን ቁጥሩ ሁልጊዜ እንዲያ አይልም።

በ2016 አንድ ትልቅ የአውሮፓ የሕዝብ አስተያየት ጥናት በ23 አገሮች ይህንኑ ጥያቄ ጠየቀ። ጥያቄው ጥሩ የሚባል ነበር፣ ምክንያቱም ዝም ብሎ “ገንዘብ ትፈልጋለህ?” አላለም። ክፍያው ሌሎች ብዙ ድጎማዎችን እንደሚተካና ወጪው በግብር እንደሚሸፈን ጨምሮ ነገራቸው። ሊቱዌንያ ውስጥ 80 በመቶ ገደማው ደገፈ። ኖርዌይ ውስጥ የደገፈው 34 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሩሲያና ሃንጋሪ ከፍ አሉ፤ ስዊድንና ስዊዘርላንድ ዝቅ አሉ።

ካርታውን ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ድጋፉ ዝቅ ያለው የመንግሥት ድጋፍ በደንብ በሚሠራበት አገር ነው። ኖርዌጂያዊው ሥራ ቢያጣ የሚይዘው ገመድ አለው፣ ገመዱንም ያምነዋል። “ያንን ልቀቅና ይህን ያዝ” ስትለው ያመነታል። የሚይዘው ገመድ የሌለው ሰው ግን ምንም አይጎድልበትም።

በየአገሩ ውስጥም ተመሳሳይ ነገር ታየ። ይበልጥ የደገፉት ወጣቶች፣ ገቢያቸው ዝቅ ያለና ሥራ አጥ የሆኑ ናቸው። እስከዚህ ድረስ እንደተጠበቀው ነው። ተመራማሪዎች ግን ሌላ ነገር ጠየቁ። ሥራቸው በማሽን የመተካት ዕድሉ ከፍ ያለ ሠራተኞች ከሌላው ይበልጥ ይደግፋሉ ወይ? በ2020 የታተመ አንድ ጥናት ይህንኑ የአውሮፓ መረጃ ፈትሾ ግንኙነት አላገኘም። ማሽን ያሰጋው ሁሉ መሠረታዊ ገቢን አልፈለገም።

የኔ ንባብ እንዲህ ነው። ዛሬ ችግር ላይ ያለ ሰው ገንዘቡን ዛሬ ይፈልገዋል። ነገ ችግር ይመጣብኛል ብሎ የሚፈራ ሰው ግን ዛሬ የያዘው ነገር አለ። መጀመሪያ የሚያስበውም የያዘውን እንዳይነኩበት ነው። ደመወዙ አለ፣ የሠራበት ዓመት ብዛት አለ፣ ጡረታው አለ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የጤና መድኑ ብዙ ጊዜ በአሠሪው በኩል ነው። አንድ ቤተሰብ ሥራ ሲያጣ መድኑም አብሮ ከሄደ፣ በወር 1,000 ዶላር ያንን ሁሉ አይሞላም። ስለዚህ የሚፈራው ሠራተኛ “ገንዘብ ስጡኝ” ከማለቱ በፊት “ሥራዬን አትንኩብኝ” ይላል።

አሜሪካ ላይ ደግሞ ዕድሜና ፖለቲካ ነገሩን ይጎትቱታል። ፒው የተባለው የምርምር ማዕከል በ2020 ለእያንዳንዱ አዋቂ በወር 1,000 ዶላር ስለመክፈል ጠይቆ ነበር። 54 በመቶው ተቃወመ፣ 45 በመቶው ደገፈ። ከ30 ዓመት በታች ካሉት ግን ሁለት ሦስተኛው ደጋፊ ነበር። ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ከሆኑት ደግሞ 72 በመቶው ተቃዋሚ ነው። እዚያ አገር 65 የሞላው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጡረታውን እየወሰደ ነው። የሱ እድር ከፍሎለታል።

የሠራተኛ ማኅበራት ለምን ብዙም አይወዱትም?

ለሠራተኛ የቆመ ማኅበር ለሠራተኛ የሚከፈል ገንዘብ ይጠላል ብሎ የሚገምት የለም። ግን ፊንላንድ ስትሞክረው ከተቃወሙት አንዱ ትልቁ የአገሪቱ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን፣ ሳክ፣ ነበር። ዋጋው አይቻልም፣ መንገዱም የተሳሳተ ነው አለ።

ምክንያቱን ለማየት አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ፊንላንድ፣ ስዊድን፣ ዴንማርክና ቤልጂየም ውስጥ የሥራ አጥ መድን ከማኅበራቱ ጋር የተቆራኘ ነው። ፈንዶቹን ማኅበራቱ ያቋቋሟቸው ወይም ክፍያውን እነሱ የሚያደርሱት ነው። ሠራተኛው ማኅበር የሚገባበት አንዱ ምክንያትም ይሄው ነው። አሁን በእድሩ ብንመስለው፣ መንግሥት መጥቶ “ከእንግዲህ ቀብሩን ሁሉ በነጻ እኔ እችላለሁ” ቢል የእድሩ ዳኛ ምን ይሰማዋል? ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ወርሃዊ ስብሰባው ሁሉ ምን ሊሆን ነው? የጥቅም ጉዳይ ብቻ አድርገን እንዳናየው። ሰዎቹን አንድ ላይ የያዛቸው እሱ ነበር።

ሁለተኛው ስጋት ደመወዝ ነው። መንግሥት ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ቢከፍል አሠሪው “አንተማ ሌላ ገቢ አለህ” ብሎ ደመወዝ ሊቀንስ ይችላል ይላሉ። ደጋፊዎቹ ተቃራኒውን ይላሉ። የወሩ አስቤዛ ያለው ሰው መጥፎ ሥራን “አልፈልግም” ማለት ይችላል፤ ያኔ አሠሪው ለመጨመር ይገደዳል። የትኛው እንደሚሆን በመጠኑ ይወሰናል። ገንዘቡ ለመኖር የማይበቃ ከሆነ “አልፈልግም” ማለት አይቻልም።

ሁሉም የማኅበር ሰው ተቃዋሚ ነው ማለት ግን አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ትልቁን የአገልግሎት ሠራተኞች ማኅበር ይመራ የነበረው አንዲ ስተርን ከኃላፊነቱ ከወረደ በኋላ የመሠረታዊ ገቢ ጠበቃ ሆኗል።

ገንዘብ የሚከፈለው ሰው ሥራ ይተዋል?

አማርኛ እዚህ ላይ ጎበዝ ነው። “ሥራ አጥ” እና “ሥራ ፈት” አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ፈልጎ ያጣ ነው። ሁለተኛው ስድብ ነው። የዚህ ክርክር ግማሹ ሥራ አጡ ገንዘብ ቢሰጠው ሥራ ፈት ይሆናል የሚል ፍርሃት ነው። ሠራተኛውም ራሱ ይህን ይፈራል። ብዙ ጊዜ ስለራሱ አይደለም የሚፈራው፤ ስለ ጎረቤቱ ነው።

የተሞከረውን እንይ።

ፊንላንድ በ2017 እና በ2018 ለ2,000 ሥራ አጦች በወር 560 ዩሮ ከፈለች። በዕጣ ተመረጡ፣ እምቢ ማለት አይቻልም ነበር። መጠኑ ቀድሞ ከሚያገኙት ዝቅተኛ የሥራ አጥ ክፍያ ጋር ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ ሥራ ቢያገኙም አለመቋረጡ ነው። ይህ ለምን ይጠቅማል? እንበል 560 ዩሮ ድጎማ እያገኘህ 900 ዩሮ የሚከፍል ሥራ መጣ። ሥራውን ስትይዝ ድጎማው ከቆመ፣ ወር ሙሉ ሠርተህ የጨመርከው 340 ብቻ ነው። ትራንስፖርቱን ቀንስበት። ቤት መቀመጥ ስንፍና ሳይሆን ሒሳብ ይሆናል። መሠረታዊ ገቢ ይህን ወጥመድ ያነሳል ነው የተባለው።

ውጤቱ? በሁለተኛው ዓመት ገንዘቡን ያገኙት በአማካይ 78 ቀን ገደማ ሠሩ፤ ያላገኙት 73። ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ግን ወደላይ ነው። በዚያው ዓመት መንግሥት ለሌሎቹ ሥራ አጦች ደንቡን ስላጠበቀ ልዩነቱ ከየቱ እንደመጣ በእርግጠኝነት መለየት አልተቻለም። ግልጽ ሆኖ የወጣው ሌላ ነገር ነው። ገንዘቡን ያገኙት ጭንቀታቸው ቀነሰ፣ በሰውና በተቋማት ላይ ያላቸው እምነትም ከሌሎቹ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ።

ግን ይቺን ልብ በሉ፤ ዜናው ብዙ ጊዜ ይዘላታል። ሙከራው ሥራ አጦችን ነው የፈተነው። ሥራ ላይ ያለና የሚፈራ ሠራተኛ እዚያ ውስጥ አልነበረም። ስለ ቴለሯ ጓደኛዬ ከፊንላንድ ብዙ መማር አይቻልም።

አላስካ ከ1982 ጀምሮ ከነዳጅ ገንዘቧ ባቋቋመችው ፈንድ ለነዋሪዎቿ በሙሉ በየዓመቱ ትከፍላለች። የተጠኑት መረጃዎች በጠቅላላው የሚሠራው ሰው ቁጥር እንዳልቀነሰ ያሳያሉ። ሙሉ ቀን ሳይሆን ለተወሰነ ሰዓት ብቻ የሚሠራው ግን ትንሽ ጨምሯል።

ኬንያ ውስጥ ጊቭዳይሬክትሊ የተባለ ግብረ ሰናይ ድርጅት በገጠር መንደሮች ለአዋቂዎች በወር 22.50 ዶላር ገደማ በስልካቸው ይልካል። አንዳንዶቹ መንደሮች ለ12 ዓመት ነው ቃል የተገባላቸው። እዚያ ሰዉ ሥራ አልቀነሰም። የሥራውን ዓይነት ነው የቀየረው። ለሌላ ሰው በቀን ሥራ መዋሉን ትቶ የራሱን ትንሽ ንግድ ከፈተ። ዝቅ ያለ ገቢ ባለበት አገር ገንዘቡ መነሻ ካፒታል ይሆናል፣ መጦሪያ አይሆንም።

ወደታች የሄደም አለ፣ መደበቅ አያስፈልግም። ቴክሳስና ኢሊኖይ ውስጥ 1,000 ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች ለሦስት ዓመት በወር 1,000 ዶላር ተከፈላቸው። ገንዘቡን ካዋጡት አንዱ ቻትጂፒቲን የሠራው ኩባንያ፣ የኦፕንኤአይ፣ ኃላፊ ሳም አልትማን ነው። በ2024 በወጣው ውጤት መሠረት ተቀባዮቹ ለማነጻጸሪያ በወር 50 ዶላር ብቻ ይከፈላቸው ከነበሩት ጋር ሲተያዩ በሳምንት 1.3 ሰዓት ያህል ቀንሰው ሠሩ። ሥራ ላይ የነበሩትም በ2 ፐርሰንት ነጥብ አነሱ። ለተቃዋሚው ይህ “አላልኳችሁም?” ነው። ለደጋፊው ደግሞ በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል የማትሞላ ነገር ናት። ሁለት ቦታ ለሚሠራ ሐበሻ ያቺ ሰዓት ምን እንደሆነች እኔ አልነግረውም።

“ቢያቆሙትስ?”

የአክስቴ ልጅ ጥያቄ ከሁሉ የሚከብደው ይሄ ይመስለኛል። ሰው ሥራ ሲይዝ ደመወዙን ብቻ አይደለም የሚቆጥረው፤ ነገም መኖሩን ነው። መሠረታዊ ገቢ የሥራ ስጋትን የሚያስታግሰው ሰዉ ይቀጥላል ብሎ ካመነ ብቻ ነው።

እንዳያምን የሚያደርገው ነገር ደግሞ አለ። የካናዳዋ ኦንታሪዮ በ2017 ለ4,000 ሰዎች የሦስት ዓመት ሙከራ ጀመረች። ሰዎቹ ሦስት ዓመት ተብለው አቀዱ። ትምህርት የጀመረ አለ፣ ቤት የቀየረ አለ። በ2018 ምርጫ መንግሥት ተቀየረ። አዲሱ መንግሥት ገና ወራት ሳይቆይ ሙከራውን ሰረዘ፤ በ2019 መጋቢት የመጨረሻው ክፍያ ወጣ።

አላስካ እንኳ፣ ያን ያህል ዓመት የቆየችው፣ መጠኑ ከፍና ዝቅ ይላል። በ2016 ገዥው የግዛቲቱን በጀት ለማዳን ክፍያውን በግማሽ ያህል ቆረጠው። በ2022 ለአንድ ሰው 3,284 ዶላር ደረሰ። በ2025 ደግሞ 1,000 ዶላር ሆነ። እንዲህ በሚዋዥቅ ነገር ላይ ተመርኩዞ ሥራ የሚለቅ የለም። በጉርሻ ደረጃ ግን ማንም አይጠላውም።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

በአጭሩ፣ ወይ ከግብር፣ ወይ ሌላ ድጎማ ተነስቶ፣ ወይ እንደ አላስካ ከከርሰ ምድር።

ድጋፍ የሚወርደውም እዚህ ላይ ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ ደጋፊዎቹ በ2013 ፓርላማው ፊት ያለው አደባባይ ላይ 8 ሚሊዮን ሳንቲሞች አፈሰሱ፤ ለእያንዳንዱ ነዋሪ አንድ መሆኑ ነው። ወርቃማ ባሕር ይመስል ነበር። በ2016 ሰኔ ሕዝቡ ድምፅ ሲሰጥ ግን 76.9 በመቶው እምቢ አለ። ፊንላንድ ውስጥም በመጠይቅ “መሠረታዊ ገቢ ይኑር?” ሲባል አብዛኛው ይደግፍና ግብሩ ስንት እንደሚሆን ሲነገረው ድጋፉ ክፉኛ ይወርዳል። ሠራተኛው ከፋይም ተቀባይም መሆኑን ያኔ ያስታውሳል።

ኢራን በ2010 መጨረሻ የነዳጅና የዳቦ ድጎማ አንስታ በምትኩ ለእያንዳንዱ ሰው በወር 455,000 ሪያል መክፈል ጀመረች። ሕዝቡ በሙሉ ማለት ይቻላል ተመዘገበ። የሚሠራው ሰው በጉልህ አልቀነሰም። ክፍያው ግን በዚያው ቁጥር ላይ እንደቆመ በጥቂት ዓመት ውስጥ የዋጋ ንረት በላው።

ለኛ አገርስ ብናሰላው? እንዲሁ ለጨዋታ ያህል፣ ለ100 ሚሊዮን ሰው በወር 1,000 ብር ቢከፈል በዓመት 1.2 ትሪሊዮን ብር ይሆናል። የ2018 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የፌዴራል በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው። ከበጀቱ ከግማሽ በላይ ሄደ ማለት ነው። 1,000 ብር አሁን ገበያ ላይ ምን እንደሚገዛ ደግሞ አንባቢ ያውቀዋል።

ኢትዮጵያ ውስጥ የሚቀርበው ነገር የለም?

የሚቀርበው ሴፍቲኔት ነው፤ ሕጉ ግን ሌላ ነው። የገጠሩ ከ2005 ጀምሮ፣ የከተማው ደግሞ ከ2017 ጀምሮ አለ። ሴፍቲኔት ድሃውን መርጦ ነው የሚከፍለው። መሥራት የሚችለውን ደግሞ ያሠራል። ገጠር እርከን ይሠራል፣ ችግኝ ይተክላል። አዲስ አበባ ላይ ማለዳ መንገድ ሲጠርጉ የምናያቸው እናቶች ብዙዎቹ በዚሁ ውስጥ ያሉ ናቸው። ያለ ሥራ የሚከፈላቸው መሥራት የማይችሉት፣ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና የመሳሰሉት ናቸው። ኑሮው ሻል ያለ “ተመረቀ” ይባልና ይወጣል። ከመሠረታዊ ገቢ ግን ምረቃ የለም፤ አንዴ ከገባህ ገባህ ነው።

ቋሚ ሠራተኛውስ? በቅነሳ ለተሰናበተ ሠራተኛ ሕጉ የስንብት ክፍያ ያዛል። አንድ ጊዜ ይሰጥና ያበቃል። ሥራ እስኪያገኝ በየወሩ የሚከፍል የሥራ አጥ መድን የለንም። ክፍተቱን የሚሞላው ሰው ነው፦ ወንድም፣ አክስት፣ ውጭ አገር ያለ ዘመድ። የአክስቴ ልጅ በየወሩ ለሦስት ቤት ይልካል። የሱ ሥራ ሲያሰጋ እዚያ ወረፋ ላይ እሱ ብቻ አይደለም ያለው።

ቴለሯን መልሼ “እሺ፣ የሥራ አጥ መድን ቢሆንስ? አዋጥተሽ፣ ሥራ ስታጪ የሚከፍልሽ?” አልኳት። “እሱማ የራሴ ነዋ” አለች። ወዲያው ነው የመለሰችው። እዚህ አገር ክርክሩ ቢነሳ ሠራተኛው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ይመስለኛል።

እኔን ሊደርሰኝ ይችላል?

ለሁሉም የሚከፈል መሠረታዊ ገቢ በአገር ደረጃ አውሮፓም አሜሪካም የለም። ያለው በአብዛኛው የከተማ ሙከራ ነው። ሐበሻ በብዛት ከሚኖርበት ከቨርጂኒያ ሁለቱን ልጥቀስ። አርሊንግተን ለ200 ቤተሰቦች በወር 500 ዶላር ለ18 ወር ከፍላለች። አሌክሳንድሪያ ደግሞ ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ለ170 ሰዎች በወር 500 ዶላር ለ24 ወር። ሁለቱም ጊዜያቸው አልቋል። ሌላ ከተማ ሲጀምር ብዙ ጊዜ መንገዱ አንድ ነው። የነዋሪነትና የገቢ ጣሪያ መስፈርት ይወጣል፣ ማመልከቻው ለጥቂት ቀን ክፍት ይሆናል፣ ከዚያ ዕጣ ይወጣል። የአሌክሳንድሪያ ከተማ ብዙ ማስታወቂያዎቿን በአማርኛም ስለምታወጣ ገጿን ማየት አይከፋም። ሌላ ድጋፍ የምታገኙ ከሆነ፣ ለምሳሌ የምግብ ወይም የቤት ኪራይ፣ ገንዘቡ ያንን ይነካ እንደሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።

ማመልከቻው ክፍያ የለውም። በቴሌግራም “አስመዘግባችኋለሁ፣ 50 ዶላር ላኩ” የሚል ከመጣ፣ እሱ የሚፈልገው የራሱን መሠረታዊ ገቢ ነው።